ከወንበሩ በቀር ማንም አልነበረም

ቃል ሰጪ፦ የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፣ በሰፈሩ «የእንቁላሉ ልጅ» ተብሎ የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 24
የትምህርት ደረጃ፦ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ
ሥራ፦ ለጊዜው የለውም፤ የግል የአካል ብቃት አሰልጣኝነት በኦንላይን በመማር ላይ
አድራሻ፦ ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ያለው ሕንጻ፣ ከደረጃው በስተግራ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት
ጉዳዩ፦ አሮጊት ሴት ክፍሉ ውስጥ ዘግቶ ያሰቃያል በሚል የቀረበ ጥቆማ

የቀረበብኝ ጥቆማ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አስረዳለሁ።

ዲግሪዬን ከያዝኩ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጅ የለም። ሲያቅተኝ፣ አንድ የኦንላይን ትምህርት ቤት የግል የአካል ብቃት አሰልጣኝነት ሰርተፍኬት እንደሚሰጥ በስልኬ አይቼ ተመዘገብኩ። ስለ ጡንቻ፣ ስለ መገጣጠሚያና ስለ አተነፋፈስ የተሰጡትን የጽሑፍ ፈተናዎች በሙሉ አልፌአለሁ። የቀረኝ የተግባር ፈተናው ነው። አንድ ሰልጣኝ ፊቴ አቁሜ ሳሠራ በቪዲዮ ቀርጬ እስከ ቅዳሜ መላክ አለብኝ። ሰልጣኙም ቤተሰብ ያልሆነና በፈቃዱ የመጣ ሰው መሆን ይኖርበታል። ይህ ካልተሟላ ልፋቴን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

ወደዚህ ሰፈር ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሆኖም ደፍሬ «ና ላሠራህ» የምለው ሰው አላበጀሁም። የሕንጻውን ጥበቃ ብጠይቀው፣ «ልጄ፣ እኔ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው። ቤት ተቀምጠህ የምትውለው አንተ፣ እኔን ልታሠራ?» ብሎ ሳቀብኝ። ስለዚህ ሰው እስካገኝ የተማርኩት እንዳይጠፋብኝ በወንበር መለማመድ ጀመርኩ።

ወንበሩ ከክፍሉ ጋር የተከራየሁት ነው። ከቤት ስወጣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችውን ሻርፕ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩበት። ሰልጣኝን አክብሮ መጥራት እንደሚገባ ስለተማርን «እትዬ» አልኩት። የጤና ታሪክ ስለሚያስፈልግም የእናቴን የጉልበት ሕመም ሰጠሁት። በትምህርቱ ውስጥ ሰልጣኞች ስለሚያበዙት ሰበብ አንድ ምዕራፍ አለ። እሱን ለመለማመድ የሰልጣኟንም ድርሻ በቀጭን ድምፅ የምናገረው ራሴ ነኝ። እየቆየ ግን ከስፖርቱ ወሬው በለጠ። «እትዬ እንዴት ዋሉ?» እላለሁ፤ «እግዜር ይመስገን፣ አንተስ በላህ ወይ?» ትለኛለች።

ትናንት ረቡዕ ወደ ማታው ላይ እንደ ልማዴ ቁጭ ብድግ እያሠራኋት ነበር። አብሬ ስለምሠራ የተሰማው ማቃሰት የእኔ ነው። «ማልቀስ የለም እትዬ! ገና ነው፣ ይነሱ!» እና «ኧረ ልጄ በቃኝ፣ ሞትኩልህ» የሚሉት ቃላት ሁለቱም ከእኔ አፍ መውጣታቸውን አልክድም። ወዲያው ሻርፑ እግሬን ጠልፎኝ እኔም ወንበሩም ተያይዘን ወደቅን።

ከዚያ በር ተንኳኳ። ቶሎ አልከፈትኩም፤ ምክንያቱን በመጨረሻ እገልጻለሁ። ስከፍት ከታች የሚኖሩት ልብስ ሰፊ መቀስ እንደያዙ ቆመዋል። «ሴትዮዋን ምን አደረግሃት?» አሉኝ። አምፖሉ ደካማ ስለሆነ በትከሻዬ አሻግረው ሲያዩ የተዘረረው ወንበር ከነሻርፑ ሰው መሰላቸው። «ኡ! ኡ! ገደላት!» እያሉ ደረጃውን ወረዱት። «ኧረ ወንበር ነው!» እያልኩ ብከተላቸው ጭራሽ ባሰ፤ የሕንጻው ሰው በሙሉ ወጣ።

ፖሊስ ክፍሉን ፈትሾ ማንንም አላገኘም። ሆኖም ሴትዮዋን አስቀድሜ አስወጥቻት እንደሆነ ተጠርጥሬ፣ ብቻዬን መኖሬን የሚያስረዳ ሰው እንድጠራ ተጠየቅኩ። ብዙ አሰብኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ለዚህ ምስክር ከየት ያመጣል? በመጨረሻ ዳቦና እንቁላል የምገዛበትን የሰፈሩን ባለሱቅ ጠራሁ። እሱም እዚሁ ቀርቦ፣ «ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ የእንቁላሉ ልጅ ነው የምንለው። አንድ ዳቦ፣ ሁለት እንቁላል፣ ሁሌ የአንድ ሰው ነው የሚገዛው። እንግዳ ቢመጣበት እኔ ነበርኩ ቀድሜ የማውቅ» ብሏል። ትክክል ነው፤ የምጨምርበት የለኝም።

በማስረጃነት ከተያዙት ዕቃዎች ሻርፑ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ወንበሩ ቢቆይም ግድ የለኝም፤ አሁን የሕንጻው ሰው በሙሉ ስላወቀኝ እስከ ቅዳሜ የማሠራው ሰው አላጣም።

በልብስ ሰፊዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሰው ተጎዳ ብለው መቀስ ይዘው ሮጠው የወጡ ሴት ናቸው። በሩን ለምን እንዳዘገየሁ በተመለከተ፣ ሴት ለመደበቅ አይደለም። እዚያ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ በሬ ሲንኳኳ ይህ የመጀመሪያው ነው። የጎረቤት በር መስሎኝ ነው።

የተጻፈው ሁሉ ተነብቦልኝ፣ ያልኩት መሆኑንና በተባለው ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አለመኖሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ............
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ............