ከቆጥ የወረደችው ሠዓሊ መኪና

ነይ ጌጤ፣ እዚህ ፀሐይዋ ላይ ተቀመጪ። ለነሐሴ ይህቺም ትልቅ ነገር ናት። እኛ አገር ገሳይማ ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ ደጃፌ ድረስ ነው የሚተኛው። በይ ድንቹን እየለቀምን እናውጋ። እኔ የመጣሁት ታናሽ እህቴን ውዴን ልጠይቅ ነበር፤ በጠዋት ቺንጋ ፍለጋ ገበያ ወጣች አሉኝ። የስፌት መኪናዋ ቺንጋ፣ ያ መዘውሩን የሚያዞረው ጠፍር፣ ማታ የነበረው ሲነጋ ጠፋ።

አይጥ በላው እንዳልል ፍርፋሪው የለ። ሌባ ወሰደው እንዳልል፣ መኪናዋን ትቶ ቺንጋዋን ብቻ ይዞ የሚሄድ ምን ዓይነት ጨዋ ሌባ ነው? ቤቱን የሚያውቅ ይሆናላ... እኔ ግን ማንንም አልጠረጠርኩም።

ይልቅ ከጓዳ ሲጥ ሲጥ የሚለው ምንድን ነው? ... ለካ ያቺ መኪና ከቆጥ ወርዳለች! ጎረቤት ሆነሽ ረሳሻት እንዴ፣ በራሷ የምትሥለዋን? የሠሯት የውዴ ባል ሮቦት ነው የሚሏት፤ ከመጽሔት ያገኙት ስም ነው። የጃንጥላ ዘንግ ክንዷ፣ የመቃ ብዕር ጣቷ፣ የብስክሌት ሰንሰለት አንጀቷ። እግሯማ የውዴ የመጀመሪያዋ ስፌት መኪና ነበረች፤ ነፍስ ይማር። በራሷ እኮ ነው የምትሠራው! እሳቸው ፔዳሏን ይረግጣሉ፣ ወረቀቷን ይገፋሉ፣ ቀለም ያጠጧታል፤ የቀረውን ሁሉ እሷው ናት። ጋፋት ላይ መድፍ ሲሠራ እንኳ ይህን ያህል ብረት ከሰው ቤት የተለቀመ አይመስለኝም።

ደግሞ ማንም እንዳይንቃት። ያን ጊዜ ለአብዮት በዓል፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት ያደረገችውን ማን ይረሳል? ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ልትሥል ነበር የቀረበችው። ክንዷን የሚመራውን የወይራ ክብ የጠረቡላት እሳቸው ናቸው፤ ድቁና የተማረ፣ ብራና ላይ ሐረግ ሲጥል ያደገ እጅ... የለመደውን አራት ጫፍ ጠረበላት። እሷ ደግሞ ታዛዥ ናት፤ መስቀል ሣለች! ያውም ባለ ሐረግ፣ ያውም በቀይ! እነ እማማ ዓለሚቱ እልል ብለው ሊሳለሙት ተነሡ። ሊቀመንበሩማ ከመውደዳቸው የተነሣ እሳቸውን አልለቅ ብለው እስከ መስቀል ድረስ ቀበሌ አቆዩአቸው። እስር እንዳትዪው፤ በር የሚቆለፍበት እንግድነት ነው። ስንቅ ያመላለሰችው ግን ውዴ ናት። ሌላውን ጊዜ በእጇ ትሰፋ ነበር፤ መኪናዋ ሠዓሊ ሆናለቻ!

ከዚያ ወዲህ ቆጥ ላይ ዶሮ ታቀፈችባት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ቤት ከእሷ ያተረፈው ያኔ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ነው።

አሁን በዓሉ ሲቃረብ ሐሳባቸው ታደሰ... ማን ይከለክላል? ትልቅ ሐሳብ ነው። ውዴም ትንሽ ሐሳብ ነበራት። ሁለተኛዋን መኪና እቁብ ደርሷት የገዛቻት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ልትሰፋ ነው። ጨርቁ ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ለትምህርት መክፈቻ ካላደረሰች ሥራውን ለሌላ ሰፊ ይሰጡባታል። ይህ ቤት የሚያድረው ደግሞ በእሷ መርፌ ነው። እኔ ምን አገባኝ! ተማሪው ራቁቱን ቢማር ምን ይሆናል? ዋናው ጥበብ አለመቋረጡ ነው።

ቆይ... ሰማሽ? ጸጥ አለ። ምነው፣ ጮክ ብዬ አወራሁ እንዴ? ስለ ድንች እኮ ነው የምናወራው፣ ጌጤ! ቺንጋውን ፈትቶ ወደ ቦታው የሚመልስ እጅ ካለ፣ እኛ ወደዚያ ዞረን አናይም... ወደ ድንቻችን ነው የምናየው...

ይኸው እንደገና ጀመረ። እሰይ! የማይታክት ሰው ደስ ሲል።

በይ የበሰበሰውን ወዲህ አድርጊልኝ። ውዴ ሳትመጣ ልብሷን ልሰብስብላት፤ በቅሎዬ ደጅ ናት፣ እሷ ትቀመጥባታለች፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። አንቺ አሜን በይልኝ ብቻ። እመብርሃን ጥበባቸውን ትባርክላቸው። ኮከቡስ ይቅር፣ ያቺ መኪና የሰው መልክ ለመሣል ትብቃላቸው። ውዴ ዛሬ ከእኔ ጋር ገሳይ ስትገባ ብቻቸውን እንዳይከፋቸው፣ በትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው ያላዩትን መልኳን እየሣለች ታጫውታቸው።