ድምፅ ቀንሱ ሲባሉ እምቢ ያሉት ታላቅ እኅቴ

ዛሬ ተሰብስበን የምንሸኛቸው ታላቅ እኅቴ፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና የሰፈር ጠብ በማብረድ ከታወቁት እናታችን፣ ለአምስት ልጆች በኩር ሆነው ተወለዱ። ገና ዓመት ሳይሞላቸው አፋቸውን የፈቱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ሲሉ የታዩት ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ነው። ይህን የማነብላችሁ የመጨረሻ ወንድማቸው ነኝ፤ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝን እኅቴን በአንቱታ መጥራት አንደበቴን ቢያደናቅፈውም፣ ክብራቸው ነውና ታገሡኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል በብርታት ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን የአልጋ ቁራኛ በመሆናቸው ደብተራቸውን ዘግተው በአባታችን የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ፤ ታናናሾቻቸውንም በየተራ አስተምረው ለወግ አበቁ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከአንድ ዝምተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሦስቱም ወደዚህ አገር መጡ፤ እኔንም ከዓመታት በኋላ አስመጡኝ።

እዚህ እንደ ደረሱ የተቀጠሩት በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበር። ከአንሶላ መተኮሻው ማሽን ፊት ስምንት ሰዓት ቆመው ሲውሉ፣ አንሶላ በተቃጠለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው መልስ መስጠት በማይችሉት በእሳቸው ላይ ነበርና፣ በአገሩ ቋንቋ መጀመሪያ ያጠኑት እንደ ሌላው ሰው ሰላምታ ሳይሆን «ይሄ የኔ ጥፋት አይደለም» የሚለውን ነው። ከሥራ በኋላ ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጡት፤ አለቃቸው የጻፉባቸውንም ማስጠንቀቂያ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱላቸው። ለምን ይህን ያህል እንደ ደከሙ ሲጠየቁ፣ «ልመስላቸው ብዬ መሰለህ? ልሟገታቸው ነው እንጂ» ይሉ ነበር።

ይህን ስል አገሩን ናቁ ማለቴ አይደለም። ሰልፍ አክባሪ ነበሩ፤ ለቀጠሮ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይደርሱ ነበር፤ የእኛን ሰው ማርፈድ ሲወቅሱም ምሕረት አልነበራቸውም፤ ዛሬ ዘግይታችሁ የገባችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ይበጀኛል ያሉትን ወሰዱ፣ አይበጀኝም ያሉትን ተዉ፤ ምርጫው ግን የራሳቸው ነበር።

ልጃቸው ትምህርት በጀመረችበት ዓመት መምህርቷ አስጠርተው፣ ልጅቷ ወደ ኋላ እንዳትቀር በቤትም በአገሩ ቋንቋ ብቻ እንዲያናግሯት መከሯቸው። እኅቴም «የናንተን እናንተ አስተምሩልኝ፤ ለኔው እኔ አላንስም» ብለው ተነሡ። ከስድስት ዓመት በኋላ የእኔ ልጅ እዚያው ሲገባ፣ እኚያው መምህርት ያንኑ ምክር ለእኔም ሰጡኝ፤ እኔ ግን አመስግኜ ተቀበልኩ። እኅቴ በዚህ ሲቆጡኝ «እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብዬ ብተርትባቸው፣ «እኔ ልሻገር እንጂ ወንዙ ሊወስደኝ አልመጣሁም» አሉኝ። ወደ ሠላሳ ዓመት ተከራክረንበታል። እነሆ ዛሬ የእሳቸው ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ይህን የማነበውን በልጄ ጆሮ እየተረጎመችለት ነው፤ ልጄ የገዛ አባቱን ቃል በአስተርጓሚ ይሰማል። ተረትቻለሁ፤ እሳቸው እያሉ ማመን ነበረብኝ፤ አላደረግሁትም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ፣ በአራተኛ ፎቅ ያለችው ቤታቸው ሰው አልበቃት ብላ ኮሪደሩም ደረጃውም በለቀስተኛ ሞላ። ጎረቤት አቤት ብሎ የሕንፃው ኃላፊ መጡ፣ ቀጥሎም ሁለት ፖሊሶች መጡ። እኔ ቀድሞውኑ ኀፍረት ይዞኝ፣ በለቀስተኛው መሐል እየተሹለከለክሁ «ኧረ ቀስ በሉ» እል ነበር። እኅቴ ግን በር ላይ ቆመው፣ በጠራ የአገሩ ቋንቋ፣ ሰው እንደ ሞተባቸው፣ በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ድምፅ አውጥቶ እንደሚለቀስ፣ ሦስት ቀን እንደሚቆይ፣ ያልተመቸው ቢኖር ገብቶ አብሮ እንዲያለቅስ ነገሯቸው። ፖሊሶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙና ወረዱ። በማግሥቱም፣ አቤት ብለው የነበሩት የላይኛው ፎቅ አሮጊት ራሳቸው መጥተው፣ ስድስት ሰው ብቻ በዝምታ ለቀበራቸው ባላቸው እንባቸውን አፈሰሱ፤ ዛሬም እዚህ ከኋላችሁ ተቀምጠዋል። ለእኔ የደረሰኝ «የነሱ ፖሊስ ሳይመጣ የራሴው ወንድም ቀደመኝ» የሚል ወቀሳ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላውን በተኮሱበት ሆስፒታል ተኙ። ወጣቱ ሐኪም አስተርጓሚ ይጠራልዎ ወይ ቢሏቸው፣ «ለእርስዎ ካስፈለገ ይጠራ» ብለው ነርሶቹን አሳቁ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደ ያዘች ወደማይቀረው ሄዱ።

አንዲት ሴት ልጅ፣ በሁለት ቋንቋ የሚጨቃጨቁ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አራት ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም መብታችሁን ጠይቁ እያሉ ዕረፍት የነሷቸው ብዙ የሥራ ባልደረቦች ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

የአዳራሹ ኃላፊ ከመግባታችን በፊት፣ ለቅሶው ለሌሎች እንዳይሰማ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ አሳስበውኝ ነበር። እኔም በቋንቋቸው፣ በትሕትና፣ እንደማይሆን ነግሬያቸዋለሁ። ወገኖቼ፣ ዛሬ ቀስ በሉ የሚላችሁ ወንድም የለም። አልቅሱላቸው።