የማሚቱ ድምፅ ሁለተኛ ቤት

ዓሣ ልገዛ ሲቀላ ገበያ ወርጄ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብቼ ተጠለልኩ። ውስጥ አቶ ዳልጮ ላፕቶፕ ኮምፒውተራቸውን ከፊታቸው ከፍተው ተቀምጠዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ለመምህርነት ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ቤት ያከራዩኝ እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚቱ ነበሩ። ማሚቱ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ሆነው በጋሞኛ ሲዘምሩ እየሰማሁ ነበር ፊቴን የምታጠበው።

ጥገና ቤቱ የወንድማቸው ልጅ የዕድላዊት ነው። አጎትና ልጅ ክርክር ይዘዋል።

"መምህር ይፍሩ፣ እንኳን መጡ፤ እስቲ ይፍረዱን" አሉ ዳልጮ። "ይቺ ልጅ የማሚቱን መዝሙር ከዚህች ጥቁር ሣጥን ካልከተትኩ ብላኛለች።"

ሣጥን ያሏት መዳፍ የምታህል፣ ከውጭ ተሰክታ ፋይል የምትይዝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳልጮ ማሚቱ የነበሩበትን የመዘምራን ቡድን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር አስገብተው ነበር፤ ካሴቶቹን ኋላ እርጥበት ጨረሳቸው። መዝሙሮቹን የሚከፍተው የድሮ ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ሲል ዕድላዊት ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን አበጀችላቸው፤ በአዲሱ ውስጥ እንደ አሮጌው ሆኖ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው።

"እኔ መች ሞኝ ሆንኩ?" አሉ ዳልጮ። "ውስጠኛው ላይ አለ፤ ውጪኛውም ላይ ገልብጫለሁ። ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁለት ቅጂ። ደግሞ ባለፈው ዲስኩን ሰክቼው ውስጠኛው ጭራሽ አላየውም። የማይታይ ነገር እንዴት ይታመናል?"

እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ ናቸው ብዬ ነበር። ዕድላዊት ግን ፈገግ አለች።

"አጎቴ፣ አያቴ ደጋው ጨንቻ ሳሉ ከብቶቻቸውን በሙሉ አንድ በረት ያሳድሩ ነበር?"

"ምን ሲደረግ! ሁለቱ እኛ ጋ፣ ሦስቱ ቆላ ዘመድ ዘንድ። በሽታ ቢገባ ዘር ይተርፋላ። እንዲያውም አንድ ዓመት የኛዎቹ አልቀው፣ ከቆላ በመጣች ጊደር ነው ቤታችን እንደገና ወተት ያየው።"

"እርስዎ ታዲያ አንድ በረት መሀሉን አጥረው ሁለት አለኝ እያሉኝ ነው። ውስጠኛው ያለው ውጪኛው ሆድ ውስጥ ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ይህ ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢቃጠል ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።"

ሽማግሌው መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ ላይ አኖሩ። "ከዚያስ ድምፅዋን የት አገኘዋለሁ?" አሉ ቀስ ብለው።

"የትም አያገኙትም። የምለምንዎት ለዚህ ነው።"

"ያለመታየቱ ነገርስ?"

"ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንዱ ነው። ሲሰኩት ውጪኛው ቀድሞ ይይዘዋል። ቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት ላይ ካለው የዩኤስቢ ዝርዝር ስሙን መርጠው ለውስጠኛው ይስጡት። በሉ፣ በራስዎ ጣት።"

ተጫኑ። ውስጠኛው ኮምፒውተር ዲስኩን አየው፤ መዝሙሮቹም መገልበጥ ጀመሩ። ሲያልቅ ዳልጮ ሊነቅሉት እጃቸውን ቢሰዱ ዕድላዊት ያዘቻቸው። "መጀመሪያ ከዲስኩ ላይ ከፍተን እንስማ፤ ተከፍቶ ያልተሰማ ቅጂ አለኝ አይባልም። ሲነቅሉትም አውጣ የሚለውን ተጭነው ይሁን፤ አለዚያ ይበላሻል።"

ከፈተችው። ከመዝሙሩ በፊት የማሚቱ ድምፅ በጋሞኛ "ዳልጮ፣ የቴፑ መቅጃ ቀይ መብራት በርቷል?" ሲል ጠየቀ።

"በርቷል" አሉ ዳልጮ፣ ለኮምፒውተሩ። እኔ ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ዲስኩን በማሚቱ ሻሽ ጠቀለሉት፤ እኔም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ከእንግዲህ በየወሩ እያመጡት፣ ከቀሩት የድሮ ዘማሪዎች የሚቀዱትን ሊጨምሩበት ነው። ቤታቸው ቢቃጠል፣ ሌባ ቢገባ፣ ኮምፒውተሩ ቢሞት መዝሙሩ ይተርፋል። እኔም የልጅ ልጆቼ ፎቶ በሙሉ ያለው በአንዲት ስልክ ላይ መሆኑ ትዝ ብሎኝ፣ ዓሣዬን እንዳንጠለጠልኩ ወደ ዕድላዊት ተመለስኩ።

መኪናው ሳይነሳ ግን የት እንደሚያኖሩት ጠይቄያቸው ነበር።

"ምዕራብ ዓባያ፣ የማሚቱ እኅት ቤት" አሉኝ በመስኮት። "መጀመሪያ ስትዘምር የሰማኋት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።"