ጣሪያው አያፈስም ነበር

ሥራ አስኪያጃችን፣ ሾፌሮች፣ ቲኬት ቆራጮች፣ የጥገና ሰዎች፣ ፈረቃችሁን ለሰው ጥላችሁ የመጣችሁም ጭምር፤ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ ስምሪት እዚህ ዴፖ ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም። ስለዚህ ስለዚያ ቀን የምናገረው ስህተት ቢኖርበት ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የነገረኝ የጡሩንባ ነው። ይህን አንጋፋ ሾፌር ለምን ጡሩንባ እንደምንለው አብሮት አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም።

እሱ እንዳለው እትዬ ስምሪት በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው አንቀው፣ «ሰባት ቁጥር፣ ውጣ» አሉ። ሰባት ቁጥር አልወጣም። ደግመው ጠሩ። በሦስተኛው፣ ይሄ ሰው አይሰማም ወይስ ንቆኝ ነው ብለው በንዴት ዞር ሲሉ፣ የሰባት ቁጥር ሾፌር ከጀርባቸው ቆሞ የመውጫ ወረቀቱን እስኪሰጡት እየጠበቀ ነው። ሾፌሩ ጡሩንባ ነበር። በዕድሜው ዝም ያለው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

አውቶቡሶቹን የሚያሰማሩት እሳቸው ስለሆኑ ስማቸውም ስምሪት ሆኖ ቀረ። እናት ያወጣችላቸውን ስም የሚያውቁት ልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እሳቸውም ይኸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋልና ጠይቋቸው። እርሳሳቸውን ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው እሱኑ ፍለጋ ጠረጴዛ ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጡ ያላየ ሰው አለ? መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ያረፈድኩት ብሎ ያመለጣቸውስ? የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ከፊትህ የቆመው መኪና ምን ዓይነት ነበር ይላሉ። እኔ አንድ ጊዜ ቀይ ነበር ብዬ፣ በማግስቱ ደግመው ሲጠይቁኝ ነጭ ብዬ ተይዣለሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ያለ ጠብ የተለያየሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ እኔ መናገሬ ዓሣ ስለ ዛፍ መውጣት እንደሚያወራው ነው። እትዬ ስምሪት ማስተርስ ልማር ሲሉ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር። ሥራ አስኪያጃችን፣ ጡረታ ስድስት ዓመት ሲቀረው ይሄ ምን ያደርግልዎታል ብለዋቸው ነበር አሉ። እሳቸውም፣ «ጡረታ ስወጣ እኔም ፌርማታ ላይ ነው የምቆመው» ብለው መዝገባቸውን ዘጉ።

ስታቲስቲክስ የሚባለው ነገር ሁለት ጊዜ ጣላቸው። ለሦስተኛው ሲያጠኑ አንድ ቀን ማይክሮፎኑን ሳይዘጉ ረሱት። ለሃያ ደቂቃ ዴፖው በሙሉ አብሯቸው ተማረ። ጎማ ቀያሪው ሳይቀር አማካይ ማለት ድምሩ ለብዛቱ ሲካፈል ነው እያለ ብሎን ሲያጠብቅ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ሾፌር ሁሉ የመውጫ ወረቀት ሊወስድ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፤ ካልመለሱ አይወጣም። ያን ሳምንት አውቶቡስ የዘገየው በስታቲስቲክስ ምክንያት ነው። ቤት ደግሞ ባለቤታቸው ደብተሩን ስፌት ማሽኑ ላይ ዘርግተው፣ በእግራቸው ማሽን በአፋቸው ጥያቄ ያስኬዳሉ። አንድ ደንበኛ ያሳጠረውን ሱሪ ሲለብስ ኪሱ ውስጥ ስድስት የፈተና ጥያቄ አግኝቷል። በሦስተኛው አለፉ።

ጥናታቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሰው ፌርማታ ላይ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ለምንስ? ለእኛ ለቲኬት ቆራጮች ቅጽ ሰጡን። አሥራ አንድ ጠዋት ተቀምጦ፣ ሰው ፌርማታ የደረሰበትንና የተሳፈረበትን ሰዓት መጻፍ። ለኔ የሆስፒታሉ ፌርማታ ደረሰኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ላይ ሞኙና ወረቀቱ ተገናኙ።

አሁን የምነግራችሁን ከዚህ ቤት ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

አልሄድኩም። አንድም ቀን። ለጥገና የቆመ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ አሥራ አንዱንም ቅጽ በአንድ ከሰዓት ሞላሁት። ስድስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። እውነት እንዲመስል አንዷን ረቡዕ ዘጠኝ አደረግኳት። በብልጠቴ ተደንቄ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከወር በኋላ እትዬ ስምሪት ፊታቸው እያበራ ጠሩኝ። የሆስፒታሉ ፌርማታ ሰው ብዙ ባለማስጠበቅ ከሁሉም በልጦ ተገኘ፤ ስለሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፈዋል፤ አማካሪ መምህራቸውም ለሌሎቹ ምሳሌ ይሁን ብለዋል። ጉዴ ፈላ። ያን ሰሞን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ በሃያ ቀን ውስጥ ጽሑፉን ካላስገቡ ከመዝገብ ይሰረዛሉ። ብናገር ዲግሪው ይቀራል፤ ባልናገር በኔ ውሸት ይመረቃሉ።

ሁለት ቀን በራቸው ጋ እየደረስኩ ተመለስኩ። በሦስተኛው ስምሪት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ማይክሮፎኑን ከፍተው አሥራ ሁለት ቁጥርን አስወጡ፣ አርባ ቁጥርን አስወጡ፣ ዘጉት።

«አሥራ አንዱንም?» አሉኝ።

«አሥራ አንዱንም።»

«ረቡዕንስ? ዘጠኟን?»

«እሷንም ከራሴ ነው።»

«ያ ረቡዕ ለምን ዘጠኝ እንደሆነ ግማሽ ገጽ ጽፌአለሁ እኮ።»

እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝና ያኔ ሳቄ መጣ። እርስዎም ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ከንፈርዎ ሲታገል አይቻለሁ፤ አይካዱኝ።

ቀጥለው ያሉኝ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሰዎቹ ግን አሁንም እዚያ ቆመዋል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ፌርማታው ጋ እንገናኝ።»

እዚያው ቆሜ እያለሁ ለአማካሪያቸው ደወሉ። አንገቴን ደፍቼ ስሜ እስኪጠራ ጠበቅኩ። ቁጥሩ ትክክል እንዳልሆነ፣ ሄደው ማየት ሲገባቸው እንዳላዩ፣ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ስሜ አልተጠራም። ለእናንተም ቅጾቹ ተበላሹ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የጥገና ኃላፊያችን ታዲያ፣ ወረቀት የሚያበላሸው ዝናብ ነው ብሎ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ቀዳዳ ፈለገ። ወንድሜ፣ ጣሪያው አያፈስም ነበር። ቀዳዳው ከታች ሆኖ መሰላሉን ይዞልህ የቆመው ነው። ጡሩንባም፣ እኔና እሳቸው ፌርማታ ላይ ስንቀመጥ ፈረቃ የሸፈናችሁልን ሌሎቻችሁም፣ ያ ሁሉ እረፍት የሄደው በኔ ነው።

ፌርማታው ላይ እሳቸው የሚመጣውን ሰው ሲጽፉ እኔ የሚሳፈረውን እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት የምጽፈው አጣሁ። አውቶቡሱማ በሰዓቱ ይመጣል፤ ግን ጢም ብሎ ስለሚመጣ አይቆምም። ሙሉ ነው፣ እለፍ ብሎ በሩን የሚደበድበው ማን ሆነና? እኛው ነን። ስንት ጊዜ እንዳልኩት እኔ አውቃለሁ፤ የቀረውን ሰው ግን ከውስጥ ሆኖ ማን ይቆጥራል። እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ አባት ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። የሚጠብቁበትን ደቂቃ ነው አልኳቸው።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ ልጄ?» አሉኝ።

ወደ እትዬ ስምሪት ዞርኩ። ሰዓታቸውን እያዩ መጻፍ ቀጠሉ እንጂ አላዳኑኝም።

አማካዩ ሠላሳ አራት ደቂቃ ሆነ። ያ ያማረ ምዕራፍ ተቀደደ። ባለቤታቸው ስፌቱን አቁመው ቁጥሩን በአንድ ጣት ኮምፒውተር ላይ አስገቡ፤ እሳቸው አዲሱን ምዕራፍ ጻፉ። በሃያኛው ቀን ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ጡሩንባ ፍሬኑ ሊሞከር በወጣ አውቶቡስ አደረሳቸው። ሥራ አስኪያጃችን፣ ይህቺን አልሰሙም። ፈታኞቹም ከሁሉ የወደዱት ያንኑ ምዕራፍ ነው። በዚያ ጥናት ምክንያት ዛሬ በየጠዋቱ ሁለት አውቶቡሶች ባዷቸውን ከሆስፒታሉ ፌርማታ ይነሳሉ።

እትዬ፣ ከጽሑፍዎ ማንበብ የቻልኩት የምስጋናውን ገጽ ብቻ ነው፤ ሌላው ለኔ ቢጤ አይደለም። እዚያ ላይ እንዲህ ይላል፤ «በሆስፒታሉ ፌርማታ አሥራ አንድ ጠዋት ለተቀመጠው ቲኬት ቆራጭ»። ያልሄድኩባቸውን አሥራ አንዱን ፈልጌ ገጹን ገለበጥኩት። የሉም። ሌላ አለቃ ቢሆን ያስባርረኝ ነበር፤ እርስዎ ጃንጥላ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ዛሬ የተናገርኩት ስሜን ስለሸሸጉልኝ ነው። የተሸሸገ ነገር ይከብዳል፤ እርስዎ ተሸክመውት እንዲሄዱ አልፈለግኩም። አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ለስላሳም ውሃም የያዛችሁ አትፈሩ፣ ይቆጠራል። እትዬ፣ ጤናውን ይስጥዎ። ፀሐይ ሞቅ እስኪል ይተኙ። የሚያነቡት ለፈተና ሳይሆን ለደስታ ይሁን። ባለቤትዎም ከእንግዲህ ጥያቄ ሳይሆን ወሬ ያውሩልዎ። በሕይወትዎ እውነተኛ ቁጥር እንጂ የኔ ዓይነት ረቡዕ አይግጠምዎ።

ለእትዬ ስምሪት፣ ጠጡ። የጥገና ኃላፊ፣ አንተም ተረጋግተህ ጨርስ፤ የትም አልሄድም፣ እዚሁ ታገኘኛለህ።