ወደ ውጭ የሚያየው ዓይን

(በህንድ፣ በአንዲት የራጃስታን ትንሽ ከተማ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሠዓሊው ቤት ወለል ላይ አሥር ክንድ የሚረዝም ባለሥዕል ሸራ ተዘርግቷል፤ ነገ ማለዳ ታሪኩን እየዘፈነ አገር የሚዞረው አዝማሪ ሞቲ ሊወስደው ይመጣል፤ የሠዓሊው ሚስት ኬሳርና ልጇ ሱገና ሸራው አጠገብ ቆመዋል።)

ኬሳር፦ ያየኛል! ሱገና፣ ይኼ ጀግና ባዝራውን አይደለም የሚያየው፤ እኔን ነው!

ሱገና፦ ቀስ በይ እማዬ፣ አባባን ትቀሰቅሻቸዋለሽ።

ኬሳር፦ በእኛ ሥዕል ሰው እርስ በርሱ ይተያያል እንጂ ወደ ውጭ አያይም። ይኼ ግን ወዲያ ብሄድ ያየኛል፣ ወዲህ ብመጣ ያየኛል። አባትሽ በአርባ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም።

ሱገና፦ አሁንም አልተሳሳቱም።

ኬሳር፦ ታዲያ ማን... እጅሽን አሳዪኝ። አሳዪኝ አልኩሽ! ጥፍርሽ ሥር ጥቁር ቀለም ምን ይሠራል?

ሱገና፦ እጃቸው ይንቀጠቀጣል እማዬ። ከክረምት ወዲህ አንድ መስመር አላሰመሩም። የሸራው ግማሽ የእኔ ሥራ ነው።

ኬሳር፦ ወይኔ ጉዴ! ሙያው ለሴት ልጅ አይሰጥም፤ አግብታ ለባዳ ቤት ይዛው ትሄዳለች ይላሉ። ቀለም ፍጪ ስትባዪ የሥዕሉን ዓይን ስለሽ ከፈትሽ?

ሱገና፦ ምን ላድርግ? ዓይኑ ባልተከፈተ ሥዕል ፊት አይዘፈንም። ጋሽ ሞቲ ነገ ዕውር ሥዕል ይዘው ይሂዱ?

ኬሳር፦ ፋቂው! አይ፣ አይፋቅም፤ ዓይኑ ከተከፈተ ነፍስ ዘርቷል። ምነው ትንሽ ብትጠነቀቂ?

ሱገና፦ ተጠንቅቄ ነበር። የዓይኑን ነጥብ ላሳርፍ ስል «ወተቱ ገነፈለ!» ብሎ የጮኸው ማን ነው?

ኬሳር፦ ደግሞ በእኔ! ወተቱ እኮ ገንፍሏል። ሻሼን አቀብዪኝ።

ሱገና፦ ወዴት ነው?

ኬሳር፦ ሞቲ ውኃ ጉድጓዱ ጋ ሰፍሯል። ነገ ሰው መሀል ከሚያዋርደን ዛሬ ራሴ እነግረዋለሁ።

ሱገና፦ ከነገርሻቸው ሁለተኛ ብሩሽ አያስነኩኝም! እማዬ፣ ሌላ ምንም የለኝም።

ኬሳር፦ ይቅርብሽ! ሴት ዓይን ከከፈተች መቅሰፍት ይመጣል፤ ጣሪያው ከሚወድቅብን ይቅርብሽ! ባለፈው ጊዜ ላሟ ሞታለች።

ሱገና፦ የትኛው ባለፈው ጊዜ?

ኬሳር፦ ምንም። ሻሼን።

ሱገና፦ የትኛው ባለፈው ጊዜ፣ እማዬ?

ኬሳር፦ ...አባትሽን ወባ ጥሎት ነበር። አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም። ሞቲ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የባዝራዋ ዓይን ብቻ ነበር የቀረው።

ሱገና፦ አሁን ይዘውት የሚዞሩት፣ አሮጌው ሥዕል? ያቺ ወደ ኋላ የምታየው ባዝራ?

ኬሳር፦ ወደ ፊት ነበር የምታየው! እጄ ፈርቶ ነው።

ሱገና፦ «ጌታዋን ለሞት ይዛ ስትሄድ፣ ዞራ ቤቱን አየች» እያሉ እኮ ይዘፍኑታል! እዚያ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ያለቅሳል።

ኬሳር፦ አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነኝ ከፍርሃት የተነሳ የማላለቅሰው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር፣ መጣብኝ እላለሁ።

ሱገና፦ ላሟ እኮ አርጅታ ነው የሞተችው።

ኬሳር፦ በሳምንቱ ነው የሞተችው! እሺ፣ የእኔስ ባዝራ ቤቷን አየች። ያንቺው ጀግና ማንን ያያል?

ሱገና፦ መብራት የምትይዘውን ሴት። ጋሽ ሞቲ ሲዘፍኑ፣ ሚስታቸው ናቸው ከሥዕሉ ፊት ለፊት ቆመው መብራት የሚያበሩለት። እስከዛሬ ከሥዕሉ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ኬሳር፦ (መብራቱን አብርታ ወደ ጀግናው ዓይን ታስጠጋለች።)

ሱገና፦ ሻሽሽ ይኸው። ትሄጃለሽ?

ኬሳር፦ አባትሽ ተኝቷል?

ሱገና፦ ያንኮራፋሉ።

ኬሳር፦ ፈቀቅ በይልኝ።

ሱገና፦ እማዬ፣ እባክሽ!

ኬሳር፦ ዝም በይ፣ በሩን ልቆልፍ ነው። ...ይኸው፣ ተቆለፈ። አሁን አንቺ መብራቱን ያዢ፣ ብሩሹን ለእኔ ስጪኝ። የዚህኛዋ ባዝራ ዓይን ገና አልተከፈተም፤ መቅሰፍቱ ከመጣም ብቻሽን አያገኝሽም።