«ይቆይ» የሚለው ቀይ እርሳስ

ጋሼ፣ መነጽርዎን ያውልቁና ዘና ይበሉ። በጡረታ ስንብትዎ ቀን የሚነበብ የለም፤ የሚሰማ ብቻ ነው።

እዚህ የምርምር ቤት የመጡበትን ቀን የማወራው አይቼው አይደለም። ያኔ የስድስት ቀን ልጅ ነበርኩ። የነገረኝ በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ነው። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ቀጭን ሰው ቀይ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል።

«ወዴት ነው?»

«አዲስ ተቀጣሪ ነኝ። ኮከብ ላይ ነው የምሠራው።»

«ኮከብ ቆጣሪ ነዎት? እሰይ! ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች፤ እስቲ ዕጣዋን ይዩልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ጋሼ ግን ቆም ብለው አሰቡና፣ «መቼ ተወለደች?» አሉ።

«ማክሰኞ።»

«ገና ስድስት ቀኗ! ይቆይ። መረጃው አይበቃም።»

ዘበኛው አባቴ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ።

«ይቆይ» የምትለዋን ቃል የማያውቅ እዚህ የለም። ሻይ የምታመጣልን እህታችን «ብርጭቆውን ላንሳ?» ስትላቸው፣ «ይቆይ»፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ቴክኒሻኑ «ኮምፒውተርዎ አርጅቷል፣ ልቀይረው?» ሲላቸው፣ «ይቆይ»። ባለቤታቸው ቅድም በጆሮዬ ምን እንዳሉኝ ልናገር? «እንጋባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይቆይ ብሎ ሁለት ዓመት አስጠበቀኝ!» መሳቢያውን ሁሉ ሲያተራምሱ «ጋሼ፣ እርሳሱ ጆሮዎ ላይ ነው» ያላላቸውስ ማን አለ?

ለእንግዶቻችን ሥራችንን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቀይ ግዙፍ ኮከብ ያረጀ፣ የተነፋ ኮከብ ነው። ውስጡ ሞገድ ስለሚመላለስ ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይሟሽሻል፤ ብርሃኑም በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያቺን ጥቂት ለውጥ ከምድር ሆኖ ማየት ስለሚከብድ፣ የጠፈር ቴሌስኮፕ ዓይኑን ተክሎ ለዓመታት ይጠብቃታል። ለምን ቢባል፣ ሁለት ግዙፎች ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ያው ቅላት፣ ያው ድምቀት። የአንዱ ልብ ውስጥ ግን አዲስ እሳት ተቀጣጥሏል፤ የሌላው ልብ ገና አልተለኮሰም። የሚለያቸው ትርታቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የአርባ አንድ ኮከቦች ትርታ፣ የተለኮሰውንና ያልተለኮሰውን ለይተን ከጻፍንበት ዝርዝር ጋር አልገጥም አለ። «የመሣሪያ ስህተት ነው፤ ይሰረዝ» ተባለ። የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ግን በቀይ እርሳስ «ይቆይ» የሚል ቃል ተጻፈ። እኔም ሁለት ዓመት አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ስህተቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ የዝርዝራችን ነበር። ገና አልተለኮሱም ያልናቸው ኮከቦች ልባቸው ከነደደ ቆይቷል።

የጥናቱ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከአዘጋጆቹ መካከል ስሜ የለም። ግርጌው ላይ «መረጃ በማጽዳት ለረዱን ምስጋና» የሚል መስመር ብቻ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጠየቅሁ። «የዘበኛ ልጅ እዚህ መድረሷ አይበቃትም?» ያለው ሰው ዛሬም እዚህ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ እሱም የእኔን አልጠራም። ጋሼም ያን ቀን ዝም አሉ።

በማግስቱ በራቸውን በርግጄ ገባሁ።

«ለምን ዝም አሉ?»

«አልፈረምኩም።»

ጋሼም አንዱ አዘጋጅ ናቸው፤ ያለ ሁሉም አዘጋጆች ፊርማ ደግሞ ጽሑፍ ከዚህ ቤት እንደማይወጣ ታውቃላችሁ።

«አለመፈረም መናገር ነው?»

«ይቆይ፣ ልጄ።»

«እርስዎ ፈሪ ነዎት!» አልኩ። አዎ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ አልፈረሙም። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊያችን እንደነገረችኝ፣ በዚሁ ሰበብ የእድገት ደብዳቤያቸው ተመልሷል፤ ቢሯቸውም ወደ ምድር ቤት ወርዷል። እኛ ስንጠይቃቸው ግን «ጸጥታው ይስማማኛል» ነበር መልሳቸው። ከውጭ አንድ የሚመስሉትን በትርታቸው መለየት ሙያዬ ነው፤ አጠገቤ የሚነደውን ግን መለየት አቃተኝ። ጋሼ፣ ከምስጋናው በፊት ይቅርታ። ያም ሆኖ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ቢናገሩልኝ እወድ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

አሁን ምስጋናው። የሰው ሁሉ እጅ ሊሰርዝ ሲቸኩል፣ አንድ እጅ ስላቆየልን እናመሰግናለን።

ከነገ ጀምሮ ከሠራተኛ ዝርዝር ይወጣሉ፤ የእርስዎን ፊርማ የሚጠብቅ የለም። ይህን አውቀው ዛሬ ጠዋት ካርቶን ስናሽግ እርሳሱን ከጆሮዎ አውርደው ሰጡኝ። «እርሳስ ይጠፋል» አሉኝ፤ «አንቺ በብዕር ጻፊው።»

ጻፍኩት። መጀመሪያው መስመር ላይ፣ ስሜን ከነአባቴ ስም። ወረቀቱ አሁን አለቃችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ያለዚያ ስም ከወጣ፣ የሁለት ዓመት ስሌቴን ይዤ በር ለበር አንኳኳለሁ፤ እስኪከፈትም እቆማለሁ። መጠበቅን ከማን እንደተማርኩ ታውቃላችሁ።

አባዬ፣ ዛሬም በሩ አጠገብ ነው የተቀመጥከው፤ ልማድ ሆኖብህ ነው። ጥያቄህ ሃያ ስምንት ዓመት ቆየ። ጋሼ፣ ስለዚያች ልጅ መረጃው አሁን ይበቃል?

ሰማችሁ? «ይበቃል» አሉ! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ፤ «ይቆይ» አላሉም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ፣ ሻይዎን በትኩሱ የሚጠጡበት ዘመን ይሁንልዎ። ጆሮዎም ከእርሳስ ይረፍ። ባለቤትዎን ሁለት ዓመት ስላስጠበቋቸው በእጥፍ ይካሷቸው። እኛ ደግሞ ሊሰረዝ የማይገባው ነገር ጠርዝ ላይ የሚጻፈውን ቃል ከእርስዎ ተምረናል፤ ዛሬ መልሰን ለራስዎ እንለዋለን።

ጋሼ፣ ይቆዩልን።