ከእሷ ቀጥሎ

ከዘመሮ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ አንዷ ልጅ እግር፣ ሌላዋ ጠና ያሉ።

«ባሌ መጠጥ ተወ፣ እትዬ።»

«እሰይ። ታዲያ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«የጤና ጣቢያዋ አማካሪ ናታ። ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ ዘንድ ይሄዳል። የታጠበ ጋቢ ካልለበሰ አይሄድም፤ አጣቢዋ እኔ።»

«ሥራዋ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«በማርያም ማኅበር ጽዋው ሲደርሰው በሰው ሁሉ ፊት ‹እኔን መጠጥ አሸንፎኛል፣ ብርዝ ስጡኝ› አለ። ስንት ዘመን ለምኜው እንቢ ያለኝን፣ እሷ ስትለው እሺ።»

«ተመስገን አትዪም?»

«መጠጥ የጠናበት ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ነው። ለእኔ ስሙን አንስቶልኝ አያውቅም። ለእሷ ግን እያለቀሰ ነገራት።»

«ማልቀሱን ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ፣ ትናንት።»

«እንግዲያ ላንቺም ነገረሽ።»

«ከእሷ ቀጥሎ።»

ትልቋ ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔው ትናንትም ደጅ ወድቆ ነው ያደረው። ምነው ቅናትሽን ባዋስሽኝ። ማክሰኞ ነው ያልሽው?»

ከእግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን የአረቄ ጀሪካን በጋቢዬ ሸፈንኩት።